ኮሶዬን እስክትወጣ

ሰው በመልክ ይቀናል፣ በሀብት ይቀናል፣ ጎረቤቱ በገዛው በሬ እንኳ ይቀናል። አለነ የቀናው በእጅ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነበር፤ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ፣ ሳይቋረጥ የሚወርድ፣ የተማረ ሰው ጽሑፍ። አለነ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ ጋራዥ የገባ፣ ትክል ድንጋይ ከሚባል አገር የመጣ የገበሬ ልጅ ነውና ምን እንደሚል ማንበብ አልቻለም። ቅናት ግን ማንበብ አይጠይቅም፤ ያላነበበውን ራሱ እየጻፈ ይሞላዋል።

ነገሩ የጀመረው በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። ጎንደር አራዳ፣ አለነ በሚሠራበት ጋራዥ ግቢ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አምስት ሰዎች ይሰበሰቡ ነበር። ግማሾቹ አሮጌ ማኪና ያላቸው፣ ግማሾቹ አሮጌ ማኪና የሚወዱ ናቸው። ማኅበር ነን እንዳይሉ ዘመኑ አልተመቸም። በዚህ ላይ መላ የመቱት ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ መሪ የጨበጡት ሽማግሌ ሾፌር፣ አያ ወልደ ገብርኤል ነበሩ። «የውይይት ክበብ በሉት» አሉ፤ ተባለ፤ ቀበሌውም ደስ ብሎት መዘገበ። ውይይቱ ስለ ካርቡራቶር መሆኑን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በዚያ ጥቅምት የዳኛ አድማሴ ልጅ ሐረገወይን ወደ ክበቡ መጣች። አባቷ አብዮቱ ሳይፈነዳ ሲሞቱ ሚሌቼንቶ የምትባል ግራጫ ፊያት ማኪና ትተው ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ተንተርሳ ቆማለች። ትርፍ ቤታቸው ሲወረስ እንኳ ማኪናዋን የተመኘ አልተገኘም፤ የማትሄድ ነገር ማን ይወርሳል? ሐረገወይን በሕክምና ኮሌጁ ጽሕፈት ክፍል ታይፒስት ናት። በነጭ ነጠላዋ የጋራዡን በር አልፋ ገባችና «የአባቴ ሞተር እንዲነሣልኝ ነው» አለች። ሁሉም አያ ወልደ ገብርኤልን አዩ። አያ ወልደ ገብርኤል አለነን አዩ። አለነ መሬት መሬቱን አየ፤ ቀና ቢል ዓይኗን ሊያይ ነው።

ክበቡ አንድ ደንብ ነበረው። ሞተር ሲፈታ እያንዳንዱ አባል የድርሻውን ዕቃ ወደ ቤቱ ወስዶ ያጥባል፣ ይወለውላል፣ በወረቀት ጠቅልሎ ሞተሩ በሚገጠምበት እሑድ ይመልሳል። ጥቅሉን የሚፈታውና የሚገጥመው ግን አለነ ብቻ ነው። ለሐረገወይን የደረሷት አራቱ ቢየላዎች ነበሩ። ቢየላ ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያያይዝ የብረት ክንድ ነው፤ ግርጌው ላይ ዘንጉን አቅፎ የሚይዝበት ግማሽ ክብ ቆብ አለው። እያንዳንዱ ቢየላ ከገዛ ቆቡ ጋር አብሮ የተሞረደ ስለሆነ የአንዱን ቆብ ለሌላው መስጠት ሞተር መግደል ነው። ስለዚህ አለነ ሲፈታ ሁልጊዜ በመዶሻ ምልክት ይመታባቸዋል፤ ለአንደኛው አንድ ነጥብ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ አራት። የዚያን ቀን መዶሻውን ሲያነሣ ሐረገወይን እጇን ሰደደች።

«ምነው? የአባቴን ዕቃ አትደብድብብኝ!»

«ምልክት ይፈልጋል።»

«ምልክት ከሆነማ» አለችና ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣች።

አለነ በአሥር ዓመት ሥራው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ የመዶሻን ሥራ ለጥፍር ቀለም ሰጠ። እሱ ይይዛል፣ እሷ ታሰምራለች። አንገታቸውን አቀርቅረው ሲሠሩ ትንፋሿ የእጁን ጀርባ ይነካው ነበር። ስትጨርስ ብሩሹ ላይ የቀረችውን ቀለም የአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ቀባችበትና ሳቀች። አለነ ያንን ጣት ሳምንቱን ሙሉ ቤንዚን ሳያስነካ ሰነበተ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። አለነን እያሳሳቀ ሲወስደው ያየው ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም የሰው ሁሉ ዓይን ያለው መምህር ሀብተሥላሴ ላይ ነው። ሀብተሥላሴ በኮሌጁ ያስተምራል፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ፈገግታው የማያልቅ፣ ቮልስዋገኑ እንደ ሸሚዙ የጸዳ ሰው ነው። እሱ አለነን «አንተ» ይለዋል፣ አለነ እሱን «እርስዎ» ይለዋል። ክፉ ሰው ቢሆን ደግ ነበር፤ ክፉ ሰው መጥላት አያደክምም። ሀብተሥላሴ ግን ክፉ አልነበረም። የክበቡን የቤንዚን ኩፖን በደብተር የሚመዘግበው እሱ ስለሆነ አለነ የእጅ ጽሑፉን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ኅዳር ላይ ሀብተሥላሴ ወደ ሐረገወይን እናት ወደ ወይዘሮ እጅጋየሁ ሽማግሌ ላከ። እናቲቱ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ልጅቱ ግን ስትያዝ፣ ስትጨነቅ፣ «የአባቴ ማኪና የኮሶዬን ዳገት ስትወጣ መልሴን እሰጣለሁ» ብላ አመለጠች። ስምንት ዓመት የቆመ ሞተር ሌላ ስምንት ዓመት የሚፈጅ መስሏታል። አለነ ይህን ከአያ ወልደ ገብርኤል የሰማ ዕለት ምሳውን አልበላም። በደንብ በሠራ ቁጥር፣ በፈጠነ ቁጥር፣ በገዛ እጁ ሐረገወይንን ለሰው እየዳረ ነው። እንዳያዘገይ ደግሞ ሙያው አይፈቅድለትም፤ እንዳይናገር የዳኛ ልጅ ናት። ስለዚህ ቀናተኛ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ዝም ብሎ ማየት ጀመረ።

ሀብተሥላሴ በር ሲከፍትላት አየ። ወንበር ሲጠርግላት አየ። አንድ እሑድ ከትከሻዋ ላይ ቅጠል ሲያነሣላት አይቶ የያዘውን ቡሎን እስኪላጥ አጠበቀው። በሠሩበት ሦስት ወር ውስጥ እሷ አለነን ራሱን ስንት ጊዜ እንዳየችው ቢቆጥር ኖሮ ይህ ታሪክ አጭር ይሆን ነበር። ቀናተኛ ግን የሚቆጥረው የሌላውን ነው።

*

ከጥምቀት በኋላ በዋለው እሑድ ሐረገወይን ቢየላዎቹን በዘንቢል ይዛ መጣች። አራት ጥቅሎች ናቸው፤ በክር ታስረዋል። ፊቷ እንደ ወትሮው አልነበረም። ዘንቢሉን አለነ ፊት አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ስትፈታው ተጠንቀቅ። አንድ በአንድ ፍታው» አለችው።

«እሺ።»

«አንተ ብቻ ነህ አይደል የምትፈታው?»

«ደንቡ ነው።»

 ፊቷ ሲቀላ ታወቃትና ፈጠን ብላ ወደ ቮልስዋገኑ ሄደች። ሀብተሥላሴ አንድ ነገር አላት፤ ሳቀች። ከሚገባው በላይ ሳቀች፤ የደነገጠች ሴት ሳቅ ነበር። አለነ ድንጋጤውን አላየም፤ ሳቁን ግን ሰማው።

ከዚያ ዓይኑ ወደ ጥቅሎቹ ወረደ። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር የሞላው ያ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጽሑፍ ነበር። አራቱም ላይ። ጥግ ጥጉ ላይ በሷ እርሳስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት የሚል አነስተኛ ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩን ግን ማን አየው! የሀብተሥላሴ ደብዳቤ ነው። ይህን ሁሉ ገጽ ጽፎላት፣ እሷም አንብባ ጠግባ፣ ትርፉን መጠቅለያ አድርጋ አመጣችለት። በእንግሊዝኛ የሆነውስ ለምንድን ነው? እንደ አለነ ያለው እንዳያነበው ነዋ። ደሙ ጆሮው ድረስ ወጣ።

አያ ወልደ ገብርኤል ፒስተን የሚያሞቁበት ፍም አጠገቡ ነበር። አለነ አራቱን ጥቅል በአንድ ጊዜ በጣጠሰ፤ ቢየላውንም ቆቡንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈና ወረቀቱን ጨምድዶ ፍሙ ላይ ጣለው። ዘይት የነካው ወረቀት ቦግ ብሎ ነደደ። ለአንድ አፍታ አንጀቱ ራሰ።

አፍታው አልፎ ወደ ጠረጴዛው ሲዞር አራት ቢየላና አራት ቆብ ተደበላልቀው ያብለጨልጫሉ። ቀዩን መስመር ፈለገ፤ የለም። ሐረገወይን ጎበዝ ናት፤ በቤንዚን እያሸች ስትወለውል የጥፍር ቀለሙ አብሮ ለቋል። የጠፋውን ምልክት የተኩት ቁጥሮች አመድ ሆነዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸ ነው።

ጮኾ «አደባለቅሁት» ቢል ምን ነበረበት? አያ ወልደ ገብርኤል አንድ ቀን ሙሉ በመለኪያ ለክተው ይለዩለት ነበር። ግን በሀብተሥላሴ ፊት ነው። በሐረገወይን ፊት ነው። ከሙያው በቀር የሚያኮራው የሌለው ሰው ሙያውን በዚያ ሰው ፊት አሳልፎ አይሰጥም። ቆቦቹን እየገጠመ ጥፍሩን መጋጠሚያቸው ላይ አስኬደ። ሁለቱ እርግጥ ናቸው። የቀሩትን ሁለቱን «ይሆናል» ብሎ ገጠመ። በሙያ ላይ ከ«ይሆናል» የከፋ ቃል እንደሌለ ያወቀ ሰው ነው ይህን ያደረገው።

ከሰዓት በኋላ ዘንጉን በእጅ ሲያዞሩት አንድ ቦታ ላይ ያዝ አደረገው።

«ምነው ጠበቀ?» አሉ አያ ወልደ ገብርኤል።

«የታደሰ ሞተር ይጠብቃል፣ አያ።»

እውነት ነው፤ ይጠብቃል። እንደዚያ ግን አይጠብቅም።

*

ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ሐረገወይን ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ብቻዋን ነበረች፤ አለነም ብቻውን።

«አየኸው?» አለችው።

ደግሞ ልታሳየኝ ትፈልጋለች፣ አለ በልቡ። «አየሁት።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም።»

የነጠላዋን ጥለት ጣቷ ላይ ጠቀለለች፤ ፈታች፤ እንደገና ጠቀለለች። «እና… ምን ትላለህ?»

ምን እንዲላት ነው የምትፈልገው? እንኳን ደስ ያለሽ? አለነ ካቻቢቴውን እየጠረገ፣ ፊቷን ሳያይ መለሰላት። «እኔ ምን እላለሁ። ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም።»

«ለአንተ የሚሆን አይደለም?»

«አይደለም።»

ሐረገወይን የጠቀለለችውን ጥለት ፈታች።  «ገባኝ» ብላ ሄደች። አካሄዷ ቀጥ ያለ ነበር፤ መንገዱን ተሻግራ እስክትጠፋ አንዴም አልዞረችም። አለነ የረታ መሰለውና ልቡ ተኩራራ። ኩራቱ ግን እራት ድረስ እንኳ አላደረሰውም፤ ትቶት የሄደው ባዶ ነገር ስሙን የማያውቀው ሐዘን ነበር።

*

እሑድ ነጋ። የክበቡ አባላት የወር ኩፖናቸውን አዋጥተው ቤንዚን ሞሉ፤ ከከተማ መውጫ ይለፍም ተጻፈ። ወይዘሮ እጅጋየሁና የሀብተሥላሴ ሽማግሌዎች በሰው ላንድሮቨር ቀድመው ኮሶዬ ወጥተዋል፤ መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት በግ ታርዶ ይጠብቃል። ሚሌቼንቶዋ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች። ሰፈሩ አጨበጨበ። ሐረገወይን የአባቷን ሞተር ድምፅ ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መሪውን ሀብተሥላሴ ጨበጠ፤ እሷ ጎኑ ተቀመጠች። ከኋላ አያ ወልደ ገብርኤልና አለነ ገቡ፤ ሞተር ሲሞከር ገጣሚው አብሮ መሄዱም ደንብ ነው። ከረቡዕ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረችውም፤ በዓይኗም አልነካችው።

የወለቃን መንደር አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ አለነ ሰማው። በጥፍር በር እንደሚያንኳኳ ሰው፤ ቀስ ብሎ፣ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አያ ወልደ ገብርኤል ጆሯቸው ደክሟል። ሀብተሥላሴ ደስታ ይዞት ያወራል። ድምፁን የሚያውቀው ከኋላ የተቀመጠው አለነ ብቻ ነው።

ማለት ያለበትን ያውቃል፤ አንድ ቃል ነው። ግን የቅናት ነገር! ቅናቱ ጆሮው ሥር ቁጭ ብሎ ይመክረው ጀመር። ተወው፤ ይሰበር። በማን እጅ ነው የሚሰበረው? በሱ። «መምህሩ አጋግሎ ገደላት» ይባላል። ማኪናዋ ኮሶዬን አትወጣም፤ ኮሶዬን ካልወጣች መልስ የለም፤ መልስ ከሌለ ሠርግ የለም። አንተ ምን አደረግህ? ዝም አልህ። ዝም አይነቅዝም።

ዳገቱ ሲከፋ ብርዱ ገባ። ሀብተሥላሴ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ኮቱን ከጎኑ አነሣና የሐረገወይን ጉልበት ላይ ጣል አደረገላት። «አመሰግናለሁ» አለች፣ መስኮት መስኮቱን እያየች። አለነ ጥርሱን ነከሰ። ይሰበር! ብትንትኑ ይውጣ! ድምፁ እየጎላ ሲመጣ ክፉ ደስታ ጀርባውን ነዘረው። ልደብቃችሁ አልችልም፤ የምንወደው አለነ በዚያ ሰዓት የምንወደው አለነ አልነበረም።

ኮሶዬ ሊደርሱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ሐረገወይን ስለ ሞተር የምታውቀው ጥቂት ነው፤ ድካሙ ግን ተሰማት መሰለኝ እጇን ከኮቱ ሥር አውጥታ መዳፏን ፊት ለፊቷ ባለው የማኪናዋ ደረት ላይ አሳረፈች። ከዚያ ማንም የማይሰማት መስሏት «አይዞህ፣ አባባ» አለች።

አለነ ከኋላ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኗን አየ። እንባ ሞልቶታል፤ የደስታ እንባ አልነበረም።

«ያቁሙ!» ብሎ ጮኸ። «ያቁሙ! ሞተሩን ያጥፉ!»

ሀብተሥላሴ ደንግጦ ፍሬኑን ረገጠ። ጸጥ አለ። ገብሱ በታጨደበት ማሳ ላይ የሚያልፈው ነፋስ ብቻ ይሰማ ነበር። አራቱም ወረዱ።

«ምን ሆነ?» አለ ሀብተሥላሴ።

«ቢየላዎቹን አሳስቼ ገጥሜያቸዋለሁ። የሁለቱ ቆብ ተለዋውጧል። ትንሽ ቢሄዱ ኖሮ ዘንጉን ይበላው ነበር።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አሁን ሰማሁት ቢል ያመሰግኑታል እንጂ አይወቅሱትም። «የገጠምሁ ዕለት ጠርጥሬያለሁ» አለ አለነ። «ከወለቃ ወዲህ ደግሞ እየሰማሁት ነው የመጣሁ።»

አያ ወልደ ገብርኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አለነ! አንተ? አንተ ቆብ ታሳስታለህ? ምልክቱስ?»

«ምልክቱ ታጥቦ ለቋል፣ አያ። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ነበር። ወረቀቱን… አቃጠልሁት።»

ሐረገወይን ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችው። «ምኑን?»

«ወረቀቶቹን። ፍሙ ላይ ጣልኋቸው።»

«ሳታነባቸው?»

«እንግሊዝኛውን በምኔ አነበዋለሁ?» ድምፁ ተሰበረ። «የሳቸው ጽሑፍ አይደለም? ኩፖን ሲጽፉ አላውቀውም? እሳቸው የጻፉልሽን ደብዳቤ በጄ ፈትቼ…»

«የኔ ደብዳቤ?» አለ ሀብተሥላሴ ግራ ገብቶት።

ሐረገወይን ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ያላወቀች ሰው ሆነች። «የሱ የትምህርት ረቂቅ ነው! በማባዣው ስቴንስል ላይ በታይፕ ከመታሁት በኋላ የሚጣል። ንጹሕ ወረቀት በማይገኝበት ዘመን በምን ልጠቅልልልህ? ስለ ጉበት ነው የሚያወራው፣ አለነ! ስለ ጉበት በሽታ!»

አለነ በዘይት የጠቆሩ መዳፎቹን አየ።

«የኔ ጽሑፍ ከውስጥ በኩል ነበር» አለች፤ አሁን ድምጿ ወርዷል። «በአማርኛ። አራቱም ላይ። ከአንተ በቀር ማንም አይፈታውም ብዬ። ረቡዕ መጥቼ ጠየቅሁህ፤ አየሁት አልኸኝ። ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም አልኸኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ትናንት ለእናቴ እሺ አልኋት።»

ኮቱን ከመቀመጫው አንሥቶ ክንዱ ላይ የያዘው ሀብተሥላሴ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ሐረገወይን ከሁሉም ራቅ ብላ ሄዳ መንገዱ ዳር ቆመች። አለነ ከማኪናዋ ጎን አልተነቃነቀም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉት አያ ወልደ ገብርኤል። «ደግሞ ወረቀት ይላክልህ?»

ሄደ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ሳትዞር ተናገረችው።

«ምነው ነገርኸኝ? ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር? እሱ ሰበረው ይባል ነበር።»

«እንዲባል ፈልጌ ነበር።»

«የአባቴን ሞተር?»

«የአባትሽን ሞተር። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው ሆኜ ነበር። አይዞህ ስትይው ሰማሁና አላስቻለኝም።» እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። «ቀናሁ፣ ሐረገወይን። ከጥቅምት ጀምሮ ስቀና ነው የኖርሁ። በር ሲከፍቱልሽ ቀናሁ፣ ሲያስቁሽ ቀናሁ፣ ከትከሻሽ ቅጠል ቢያነሡ ቀናሁ። የገበሬ ልጅ ነኝ። የዳኛ ልጅ ስጡት ብሎ የሚቆምልኝ ሽማግሌ የለኝ። መናገር አቃተኝ። መቅናት ግን ማንንም አያስፈቅድም።»

አሁን ዞረች። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ዓይኗ ግን ተቆጥቷል። «አራት ወረቀት! ሳምንት ሙሉ እየሰረዝሁ፣ እየጻፍሁ! የልቤን ሁሉ በእሳት…»

«ምን ይል ነበር?»

«አልነግርህም! እኔ ድርሻዬን ጽፌያለሁ። አሁን ተራው ያንተ ነው።»

ነፋሱ ብርቱ ስለነበር በሹክሹክታ የሚባል አልሆነም። «እወድሻለሁ» አለ አለነ፤ ሌሎቹም ሰሙት። ሰው ፊት የተናገረው የመጀመሪያው የፍቅር ቃል ነው፤ እንደ ክስ ጮክ ብሎ ወጣ። ሐረገወይን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አነባች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ሲወጣላት ዓይኗን ጠርጋ ወደ ዳገቱ ቀና አለች። «እናቴ እዚያ ላይ ናት። ሽማግሌዎቹም። እሺ ያልሁትን ፊታቸው ቆሜ አይሆንም ማለት አለብኝ።»

«አብሬሽ እወጣለሁ።»

«እንደዚህ ሆነህ?» ጥቁር ዘይት የጠጣ ቱታውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እንደዚህ ሆኜ።»

አያ ወልደ ገብርኤል ከዘራቸውን ከማኪናዋ ውስጥ እያወጡ ነበር። «ሽማግሌ የለኝም አልህ?» አሉ ኮስተር ብለው። «እኔ ምንህ ነኝ? አንተ ልጅ ለቆብ ብቻ አይደለም፣ ለሰውም ዓይንህ ታውሯል።» ቀድመዋቸው መንገድ ጀመሩ።

ሐረገወይን ወደ ሀብተሥላሴ ሄደች። «ሀብተሥላሴ፣ በድዬሃለሁ። ልብ ሳይኖረኝ እሺ ማለት አልነበረብኝም…»

«አትጨርሺው» አላት። ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ያ የማያልቀው ፈገግታ አለቀበት። «ሂጂ። እኔ ማኪናዋን እጠብቃለሁ። መንገድ ላይ ብቻዋን አትተውም።» ከዚያ አለነን አየና ቆም አለ። «አለነ፣ ሞተሩን ስትፈታ ጥራኝ። መለካቱን እኔም እችላለሁ።»

«እሺ፣ መምህር» አለ አለነ። 

ዳገቱን ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ አለነ ዞር አለ። ሀብተሥላሴ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሐረገወይን ጉልበት ላይ የነበረውን ኮት አጥፎ ታቅፎታል። ወደ እነሱ እያየ ነበር። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ቶሎ ብሎ ወደ ማሳው ዞረ፤ እዚያ የሚያየው ነገር ያለ ይመስል። አለነ ያንን አስተያየት ዐወቀው። ሦስት ወር ሙሉ በገዛ ፊቱ ላይ ተሸክሞት የኖረ ነው። የት የት እንደሚወጋ፣ ሲተኙም እንደማይተኛ፣ ሁሉን ያውቃል። 

ሐረገወይን አጠገቡ ሆና እጇን ዘረጋችለት። ያ እጅ ሲያልመው የኖረው እጅ ነው። አለነ አልያዘውም።

«ከመታጠፊያው በኋላ» አላት ቀስ ብሎ።

ግራ ገብቷት ዞር ብላ ወደ ታች አየች። ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገባችና፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ትተው፣ ጎን ለጎን ወጡ።